ጸጥ ወዳሉት የኢጣልያ ከተሞች የክረምት ጉዞ ለሚያስቡ ነጋዴዎች

ክረምት በገባ ጊዜ በአገራችን የንግድ ሥራ ቀዝቀዝ እንደሚል አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። መንገዱ ይጨቀያል፤ የሕንፃ ሥራ ይጓተታል፤ ከባላገር ወደ ገበያ የሚወጣውም ዕቃ ያንሳል። ስለዚህ ብዙዎች አስመጪዎችና ላኪዎች በባሕር ማዶ ያሉትን ደንበኞቻቸውን ለመጐብኘት፤ ከዚሁም ጋር ከሥራ ድካም ጥቂት ለማረፍ የሚመርጡት ይህንኑ ወራት ነው። የኛ ክረምት ለኢጣልያ በጋ ነውና፤ ሰማዩ በጠራበትና ቀኑ በረዘመበት ጊዜ ወደዚያ መሄድ መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን መልካም ሐሳብ ያለ መልካም ዝግጅት ኪሣራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው ታሪክ ያስረዳል።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ያለቀለት የበግ ቆዳ ናሙና ይዞ፤ በቶስካና ክፍለ ሀገር በአርኖ ወንዝ አጠገብ ከሚገኙት በቆዳ ሥራ ከሚኖሩ ከተሞች ወደ አንዲቱ ሄዶ ነበር። ከተማዪቱ የደረሰው ነሐሴ 5 ቀን ነው። በማግሥቱ ጧት ልብሱን አሣምሮ፤ ናሙናውን በሻንጣ ይዞ ወደ ፋብሪካው ቢሄድ በሩ በሰንሰለት ተቈልፎ አገኘው። በበሩ ላይ የተለጠፈችው አጭር ወረቀት ፋብሪካው ለዕረፍት መዘጋቱንና በወሩ መጨረሻ እንደሚከፈት ትናገራለች። ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ፋብሪካ ሄደ፤ በሁሉም በር ላይ ያቺው ወረቀት ናት። የአውሮፕላን ቲኬቱ ቀኑ የማይለወጥ ስለ ነበረ፤ ስምንት ሌሊት በሆቴል ገንዘቡን እየከፈለ ተቀምጦ፤ ናሙናውን እንደ ያዘ ተመለሰ። የዚያን ዓመት ትእዛዝም በሰኔ ወር ቀድሞ የሄደ የሌላ አገር ነጋዴ ወስዶት ኖሯል።

ጥፋቱ የፋብሪካው አልነበረም። ደንበኛው በላከው ደብዳቤ «ከነሐሴ በፊት ብትመጡ ደስ ይለናል» ብሎ ጽፎ ነበር። መንገደኛው ግን ይህን ቃል እንደ ትሕትና ንግግር ቈጥሮ አለፈው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሌላው ነጋዴ በዚሁ ስሕተት እንዳይወድቅ፤ ይልቁንም ጸጥ ካሉት ትንንሽ ከተሞች የሚገኘውን ጥቅም በሙሉ እንዲያገኝ ለመርዳት ነው። የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቀኑን ማስቀደም

በኢጣልያ ኦገስት 15 ቀን፤ በኛ አቈጣጠር ነሐሴ 9 ቀን ማለት ነው፤ «ፌራጎስቶ» የሚባል የሕዝብ በዓል ይከበራል። ስሙ የመጣው ከጥንቱ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ከአውግስጦስ የዕረፍት በዓል ሲሆን፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነው። እኛ የፍልሰታን ጾም በምንጾምበት ሱባዔ እነርሱ በዓሉን ያከብራሉ። ሆኖም ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ከበዓሉ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ብዙዎች ፋብሪካዎች፤ የእጅ ሥራ ቤቶችና ሱቆች ሁለትና ሦስት ሳምንት ይዘጋሉ፤ ሠራተኛውም ባለቤቱም ወደ ባሕር ዳርና ወደ ተራራ ይወጣል። በትልልቆቹ ከተሞች ለጐብኚ ሲባል ክፍት የሚሆን ቤት አይጠፋም፤ በአንድ የእጅ ሥራ በሚተዳደር ትንሽ ከተማ ግን ጸጥታው ወደ ባዶነት ይለወጣል።

ስለዚህ ሥራና ጉብኝትን አንድ ላይ ለማድረግ የሚያስብ ነጋዴ፤ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለውን ጊዜ ቢመርጥ ይሻለዋል። በዚህ ውስጥ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም የኛ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ የሒሳብ መዝገቡን ለሚታመን ሰው አስረክቦ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ የማይሆንለት ሰው ጉዞውን እስከ መስከረም ቢያቈየው ነሐሴ ከመሄድ እጅግ ይሻላል። ለቆዳ ነጋዴዎችማ «ሊኔያፔሌ» የተባለው የቆዳ ትርዒት በሚላኖ በየዓመቱ በፌብሩዋሪና በሴፕቴምበር ስለሚደረግ፤ የመስከረሙ ጉዞ ድርብ ጥቅም አለው።

ስለ ምን ትንንሾቹን ከተሞች?

ሮማ፤ ፊሬንዜና ቬኔዚያ በበጋ ወራት በጐብኚ ይጨናነቃሉ። ቬኔዚያማ ከብዛቱ የተነሣ ለአንድ ቀን ብቻ ከሚመጡ ጐብኚዎች በተወሰኑ ቀኖች የመግቢያ ገንዘብ መቀበል ጀምራለች፤ ይህም በአፕሪል 25 ቀን 2024 በ5 ዩሮ የተጀመረ ነው። ለነጋዴ ግን ከመጨናነቁ ይልቅ የሚጐዳው ሌላ ነገር ነው። በትልቅ ከተማ የሚያነጋግረው የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ በትንሽ ከተማ ግን የፋብሪካው ባለቤት ራሱ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። ሠራተኛው ዋጋ ይነግራል፤ ባለቤቱ ግን ምክንያት ይነግራል። በዚህ ሐሳብ ከሚላኖ ተነሥቶ በሮማ የሚፈጸም አንድ መንገድ ከዚህ በታች እናቀርባለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበር፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው ለመውጣት ይቻላልና ወደ ኋላ የመመለስ ድካም አይኖርም።

ከሚላኖ እስከ ሮማ አራት ከተሞች

መጀመሪያዪቱ ቪጄቫኖ ናት። ከሚላኖ በደቡብ ምዕራብ በኩል 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመካከልዋ ያለውን ባለ ሰቀላ አደባባይ የሚላኖው መስፍን ሉዶቪኮ ስፎርዛ ከ1492 እስከ 1494 ያሠራው ሲሆን፤ ከኢጣልያ አደባባዮች ሁሉ ከተዋቡት ይቈጠራል። ለነጋዴው ደግሞ ከተማዪቱ የጫማ ከተማ ናት፤ በቤተ መንግሥቱ ውስጥም የጫማ ቤተ መዘክር አለ። ከሌላ አገር የመጣው ርካሽ ጫማ ገበያውን በተሻማበት ጊዜ ቪጄቫኖ ጫማ መሥሪያ መኪናዎችን ሠርታ ለዓለም ሁሉ ትሸጥ ነበርና ስምዋ አልጠፋም። በአገራችን ጫማ ለሚያሠሩና መኪና ለሚያስመጡ ሰዎች ይህን መመልከት ይጠቅማል።

ሁለተኛዪቱ በፖ ወንዝ አጠገብ ያለችው ክሬሞና ናት። የአማቲ፤ የጓርኔሪና የስትራዲቫሪ ቤተሰቦች ቫዮሊን የሠሩባት ከተማ ይህች ናት። አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በ1737 ከሞተ በኋላ ጥበቡ እየደከመ ሄዶ ነበር። በ1938 ግን የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሙያው እንደ ገና አንሰራራ፤ ዛሬ ከመቶ የሚበልጡ የቫዮሊን ሥራ ቤቶች በከተማዪቱ ይገኛሉ። በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፤ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ጥበብ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል፤ በ2013ም የቫዮሊን ቤተ መዘክር ተከፍቷል። ብዙዎቹ ሥራ ቤቶች አንድ ባለሙያ ብቻውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር የሚሠራባቸው ጠባብ ክፍሎች ናቸው። አንዱ መሣሪያ ሳምንታት ሳይሆን ወራት ይፈጃል፤ ዋጋውም በዚሁ መጠን ነው። ስም ከጠፋ በኋላ በትምህርት ቤት ሊመለስ እንደሚችል የሚያስተምር ከተማ ነው።

ሦስተኛዪቱ ከቦሎኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ፋኤንሳ ናት። የሸክላ ዕቃዋ ከጥንት ጀምሮ በውጭ አገር እጅግ ከመታወቁ የተነሣ፤ ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን አንጸባራቂ ሸክላ ሁሉ በከተማዪቱ ስም «ፋያንስ» ብለው ይጠሩታል። ለአንድ ላኪ ከዚህ የሚበልጥ የንግድ ምልክት ምን አለ? በ1908 በጋኤታኖ ባላርዲኒ አሳቢነት የተቋቋመው የሸክላ ቤተ መዘክር በ1944 በአውሮፕላን ቦምብ ፈረሰ። ባላርዲኒ ግን ስብርባሪውን አስለቅሞ፤ ከብዙ አገሮች የተላከለትንም ስጦታ ተቀብሎ እንደ ገና አቆመው። በሜይ 2023 ደግሞ የላሞኔ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ቤቶችንና የሥራ ቤቶችን አጥለቀለቀ። ከዚያ በኋላ ምድጃቸውን ጠግነው ወደ ሥራቸው የተመለሱትን ሸክላ ሠሪዎች በሥራ ቤታቸው መጐብኘትና ከእጃቸው መግዛት፤ ለገዢውም ለሻጩም ክብር ነው።

አራተኛዪቱ በተራሮች መካከል፤ ከአንኮና ወደ ሮማ በሚሄደው ሐዲድ ላይ የምትገኘው ፋብሪያኖ ናት። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ወረቀት ትሠራለች። ጨርቁን በውሃ ኃይል በሚንቀሳቀስ መዶሻ መውቀጥን፤ ወረቀቱንም ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ ማጠንከርን ያስፋፉት የዚህች ከተማ ሰዎች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ የሚታየው ስውር ምልክት በዚያ መጀመሩ ነው። በአገራችን ያለ ባለ ሱቅ ሁሉ የብር ኖት ሲቀበል ወደ ብርሃን አንሥቶ ምልክቱን ይመለከታል፤ ይህን ሲያደርግ የፋብሪያኖን የጥንት ፈጠራ እየተጠቀመ መሆኑን ግን ብዙዎች አያውቁም። በሳን ዶሜኒኮ ገዳም ውስጥ ባለው የወረቀት ቤተ መዘክር ወረቀት በእጅ ሲሠራ ለማየት ይቻላል። የከተማዪቱ በዓል የመጥምቁ ዮሐንስ ሲሆን ጁን 24 ቀን፤ በኛ ሰኔ 17 ቀን ይውላል፤ ያን ዕለት ሥራ ሳይሆን ጨዋታና ሰልፍ ስለሚገኝ፤ ለሥራ የሚሄድ ሰው ቀኑን ይለፈው፤ ለማየት የሚሄድ ግን ይምረጠው።

ለቡና ላኪዎች

ቡና የሚልክ ሰው ከዚህ መንገድ ወጣ ብሎ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ትሪየስቴ ቢሄድ አይጸጸትም። ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ በ1719 ነጻ ወደብ ካደረጋት ወዲህ የቡና ንግድ ሥር ሰዶባታል፤ ኢሊ የተባለውም የታወቀ የቡና ድርጅት በ1933 የተቋቋመው በዚያ ነው። ከቬኔዚያ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የከተማዪቱ ሰዎች ቡናን የሚጠሩበት የራሳቸው ስም አላቸው፤ ጥቁሩን ቡና «ኔሮ» ሲሉት፤ እኛ ማኪያቶ የምንለውን ደግሞ «ካፖ» ይሉታል። በ1914 በተከፈተው በካፌ ሳን ማርኮ ተቀምጦ ቡናን ማጣጣም፤ ከአገራችን ተነሥቶ በጆንያ የሚሄደው ቡና በመጨረሻ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ከመነሣት በፊት

የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ቀን በፊት ባለው የ6 ወር ጊዜ ውስጥ ይቀርባል፤ ቢዘገይም ከ15 ቀን ማነስ የለበትም። የመመርመሪያው ጊዜ እስከ 45 ቀን ሊደርስ ስለሚችል፤ በሰኔ ለመሄድ የሚያስብ ሰው በመጋቢት ቢጀምር ይመከራል። ፓስፖርቱ ከኤውሮፓ ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት፤ ለሕክምናም የ30,000 ዩሮ የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ከደንበኛው የሚላክ የጥሪ ደብዳቤ የጉዞውን ምክንያት ስለሚያስረዳ፤ ሲጠየቅም የፋብሪካው የመዝጊያ ቀኖች አብረው እንዲጻፉ ማድረግ ብልኅነት ነው። ይህች አንዲት መስመር ከላይ የተነገረውን ኪሣራ በሙሉ ልታድን ትችል ነበር።

ለወዳጅ ስጦታ ብሎ ቅቤ ወይም ቋንጣ በሻንጣ የሚይዝ ሰው ይጠንቀቅ፤ የኤውሮፓ ኅብረት ከውጭ አገር በመንገደኛ እጅ ሥጋና የወተት ውጤት እንዳይገባ ይከለክላልና ይወረስበታል። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰውም ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታው ነው። የውጭ ምንዛሪውን ጉዳይ ከባንክ ጋር አስቀድሞ መጨረስ ደግሞ ለማንም የሚነገር ምክር አይደለም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

በዚያ ሲደርሱ

በመንገዱ ላይ ከሚላኖ ተነሥቶ ሮማ ለመድረስ 14 ቀን ይበቃል ብለን እናምናለን። ይኸውም ሚላኖ 2፤ ቪጄቫኖ 2፤ ክሬሞና 2፤ ፋኤንሳ 3፤ ፋብሪያኖ 2፤ ሮማ 1፤ ሲሆን፤ የቀሩት 2 ቀኖች ምንም ሳይመደብላቸው ይቀመጡ። አንድ ደንበኛ «ነገ ደግሞ ተመለስ» ያለ እንደ ሆነ እነዚያ ሁለት ቀኖች ወርቅ ናቸው። በሁለት ሳምንት ዐሥር ከተማ አያለሁ የሚል ሰው ግን ሐዲድና የሆቴል ደረጃ ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

በትንንሾቹ ከተሞች መካከል የሚመላለሱት የክፍለ ሀገር ባቡሮች ዋጋቸው ቀደም ብለው ቢገዙም በዕለቱ ቢገዙም አንድ ነው። ነገር ግን የወረቀት ቲኬት የያዘ መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት በጣቢያው ባለው መሣሪያ ማስመታት አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሳለ መቀጫ ይከፍላል። መኪና የሚከራይም ሰው ወደ አሮጌው ከተማ መካከል ያለ ፈቃድ መግባት የተከለከለ መሆኑን ይወቅ፤ የገባ እንደ ሆነ ካሜራ ይቀርጸዋልና መቀጫው ከወራት በኋላ ይመጣበታል።

ሱቆች በትንንሾቹ ከተሞች ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ተዘግተው ወደ 10 ሰዓት ግድም ይከፈታሉ፤ ብዙዎቹም ሰኞ ጧት አይከፍቱም። በዚህ ሰዓት በር ማንኳኳት እንደ ነውር ይቈጠራል። የንግድ ጉዳይ ያለው ሰው በጧት ይሂድ፤ ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ለዕረፍትና ለቤተ መዘክር ያድርገው። ለራሱና ለቤተሰቡ ዕቃ የሚገዛ መንገደኛ ደግሞ ከአንድ ሱቅ ከ70 ዩሮ በላይ የገዛ እንደ ሆነ የገዛበትን ደረሰኝ አሠርቶ፤ ሲወጣም በጉምሩክ አሳይቶ ከከፈለው ግብር ሊመለስለት ይችላል።

የቋንቋው ነገር የሚያስፈራ አይደለም። ከ1936 እስከ 1941 የቆየው ወረራ በሕዝባችን ላይ ያደረሰው ግፍ የማይረሳ ቢሆንም፤ ከዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ ከነበረው ንግድ ብዙ ቃላት በአፋችን ቀርተዋል። ፋቱራ፤ ቦሎ፤ ፌርማታ፤ ካቻቪቴ፤ መርካቶና ፒያሳ የሚለውን የማያውቅ ነጋዴ በአገራችን የለም። እነዚህን ቃላት በትንሽ ከተማ ሲናገራቸው ያዳመጠው ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ይረዳዋል።

ወደ ቆዳው ነገር ስንመለስ፤ ያ በነሐሴ በተቈለፈ በር ፊት የቆመው ሰው በሁለተኛው ዓመት በሰኔ ወር እንደ ገና ሄደ። ባለቤቱ ራሱ ተቀበለው፤ ከላኪው የመጣለትንም አንዱን ቆዳ አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አሳየው። በቆዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች በበጎች ላይ በሚኖሩ ቅማልና መሰል ተባዮች ምክንያት የሚመጣው ዕከክ መሆኑን፤ ረዣዥሞቹ መስመሮችም በዕርድ ጊዜ ቢላ የቈረጣቸው መሆናቸውን አንድ በአንድ በጣቱ አመለከተው። ለጓንት የሚሆነው የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በልስላሴውና በጥንካሬው የተወደደ ሆኖ ሳለ፤ ዋጋውን የሚያወርዱት እነዚህ ሁለት ነገሮች እንደ ሆኑ ነገረው። በብዙ ዓመት ደብዳቤ «ሁለተኛ ደረጃ» ከሚል ቃል በቀር ያልተጻፈለትን ነገር በአንድ ጧት ተማረ።

ከዚያ ወዲህ ያ ላኪ ቆዳ ለሚያቀርቡለት ሰዎች ቢላ አያያዝ የሚያስተምር ሰው ቀጥሯል፤ ያለ ቢላ ቁርጠት ለመጣለት ቆዳም ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ ይከፍላል። ጉዞውን ያሰበ አንባቢ ሁሉ ቲኬቱን ከመግዛቱ በፊት ለደንበኛው አንዲት ደብዳቤ ይጻፍ፤ «በሮቻችሁ የሚከፈቱት ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም እንደ ትሕትና ሳይሆን እንደ ውል ያንብበው።